ሰብአ ሰገል በአባታችን ቡሉኮ

መቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

«አባቴ ደቅሲሳ በሶር አካባቢ ስሙ የተፈራ ጠንቋይ ነበር። ከሰይጣን ጋር ውል ነበረው፤ ደምም ያፈስ ነበር። እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ ወደ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። በእርሱ እጅ የታሰረው ሁሉ ዛሬ ተፈቷል።»

ወንድሜ ኦሊ፣

ከላይ ያለውን ካሳተምከው የምስክርነት መጽሐፍ፣ ከገጽ አሥራ አራት ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰላምታ ያላስቀደምኩትም ረስቼ አይደለም።

መጽሐፉን አንተ አልሰጠኸኝም። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ገጹ ታጥፎ ተቀምጦ አገኘሁት። የጂኦግራፊው መምህር «ጋሼ ኦላና፣ ለካ የጠንቋይ ልጅ ኖረዋል! እኛ ደግሞ የዝውውር ማመልከቻችን ይሳካ አይሳካ እያልን በከንቱ እንጨነቃለን፤ አይተው አይነግሩንም?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለዚያች ሳቄ ራሴን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪ የሰማውን እንዳየ አድርጎ ሲጽፍ ወረቀቱን እመልስለታለሁ። አባታችን በኦሮምኛ ቃሉ የምንለው የአምልኮ አባት ነበር። ሹመቱን ከአባቱ ወረሰ፤ የተጣላ ያስታርቅ ነበር፤ ድርቅ ሲሆን ይጸልይ ነበር። ጠንቋይ ሌላ ነው። ልዩነቱን ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገህም፤ ያደግከው ሰው ሁሉ አቤት ሊል በሚመጣበት ግቢ ውስጥ ነው።

የጻፍከውን በጽሑፍ እንድታርም እጠይቃለሁ። አትደውልልኝ። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ «እንዲያ አላልኩም» ይባላል። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የያዮ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ በቃል የነገርኩትን አንድ ጥያቄም ይነግርሃል። የእሱንም መልስ ጻፍልኝ።

ለእናታችን ሰላምታዬን አድርስ። እግሯ እንዴት ሆነ?

ኦላና ደቅሲሳ


ያዮ፣ ኅዳር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ኦላና፣

የጌታ ሰላም ለእርስዎና ለእትዬ ዕፀገነት ይብዛላችሁ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝናቡ ያለ ጊዜው መጥቶ ቡና የሚያሰጣ ሁሉ ተረብሿል፤ መንገዱንም ያውቁታል።

እናታችን ደኅና ናት። እግሯ ተሽሏታል፤ ምላሷ ደግሞ ታሞም አያውቅ። ደብዳቤዎን ሳነብ አይታኝ «ኦላና ምን ይላል?» አለችኝ። «ሰላም ብሏል» አልኳት። «ይህን ሁሉ ወረቀት ለሰላም? መምህርነቱ ነው እንግዲህ» አለች።

ጋሼ፣ ላስቀይምዎ ብዬ አልጻፍኩም። መጽሐፉን ያረመልኝ የአዲስ አበባ ሰው «ቃሉ ብትል አንባቢ አይገባውም፤ ጠንቋይ በል» አለኝ። ደግሞም በእምነቴ ከጌታ ውጭ የሚጠራ መንፈስ ሁሉ ያው ነው፤ ስሙን ብናሳምረው መንፈሱ አያምርም። አባቴን እወደዋለሁ። ከየት እንደ ወጣሁ ግን መደበቅ አልችልም፤ ሰው ወደ ጌታ የሚመጣው ያን ሰምቶ ነው።

ሾፌሩ በቃል ለነገረኝ ጥያቄዎ፦ ሽማግሌው ቀኖ በለቀማ መካከል ቡናውን ጥሎ ለምን እንደ ወጣ አላውቅም። የጃለኔ ልጅም ደኅና ነው። ከእኛ ጋር ያመልካል፤ መጠጥም ትቷል።

ደስ የሚል ወሬ ልጨምርልዎ። የሰንበት ልጆች ለገና ድራማ እየተለማመዱ ነው። እናታችን የአባታችንን ነጭ ቡሉኮ ከሣጥን አውጥታ ለሰብአ ሰገል ሰጠች። የምትለብሰው ልጄ አሜን ናት። ቡሉኮው ሁለት እጥፍ ተጠቅልሎላትም መሬት ይጠርጋል።

ታናሽ ወንድምዎ ኦሊ


መቱ፣ ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ኦሊ፣

ቀኖ ለምን እንደ ወጣ አላውቅም ብለሃል። እኔ አውቃለሁ፤ እዚህ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧልና። ዕፀገነት ክፍል ብታሰናዳለትም ከበረንዳው አይነሣም፤ መንገዱን ያያል።

የረሳህ ከመሰለህ ላስታውስህ። በ1979 ዓ.ም. ያዮ ጫካ ውስጥ በቡና ድንበር ተጣልተው ቀኖ የጃለኔን ባል ገደለ። ጃለኔ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሁለቱ ወገን ወንዶች ጫካ ገብተው ይፈላለጉ ጀመር። አባታችን ሁለቱንም ሶር ወንዝ ዳር ጠርቶ ጉማ፣ የደም እርቅ አወረደ። በየዓመቱ ለቀማ ሲጀመር ሁለቱ ቤት ድንበሩ ላይ ተገናኝተው ከአንድ ቅል ብርዝ እንዲጠጡም አዘዘ። ከሟቹ ቤት አስቀድሞ ይጠጣል፤ ከገዳዩ ቤት ይከተላል። በደርግ ጊዜ ጠጡ፤ መንግሥት ሲለወጥ ጠጡ። ያ በሆዷ የነበረው ልጅ አድጎ በእናቱ ፈንታ ጠጣ። ዘንድሮ ግን ቅሉን ተቀብሎ ብርዙን መሬት ላይ ደፋው። «የጠንቋይ መሐላ አያስረኝም። የራሱ ልጅ ፓስተሩ፣ በእጁ የታሰረው ሁሉ ተፈቷል ብሎ ጽፏል» አለው ቀኖን።

ገጽ አሥራ አራት፣ አራተኛው ዓረፍተ ነገር።

አሁን ወደ ቡሉኮው ልምጣ። ለልጆቹ ሰብአ ሰገል ነገሥታት ናቸው ብለህ ነግረሃቸው ይሆናል። ወንጌሉ ነገሥታት አይላቸውም። ሰገል በግእዝ ጥንቆላ ነው፣ ኮከብ ቆጠራም ነው፤ ሰብአ ሰገል ማለት የሰገል ሰዎች ማለት ነው። ግሪኩ ማጎስ ይላቸዋል። ግሪኮች ይህን ስም ያገኙት ከፋርስ ነው። እዚያ መጉ የሚባሉት መሥዋዕት ሲቀርብ ቆመው የሚጸልዩ፣ ሕልም የሚፈቱ፣ ክህነቱን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሱ ሰዎች ነበሩ። ስሙ ከዚያ በፊት ከየት እንደ መጣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ኃይል ከሚል ሥር የሚያመጡት አሉ፤ እኔ ያላረጋገጥኩትን አልጨምርም። የተረጋገጠው ግን ይህ ነው፦ ፋርሶች በአክብሮት የሚጠሩበትን ስም ግሪኮች ወስደው ቀስ በቀስ የአታላይ ስም አደረጉት። የጎረቤት ካህን ሁልጊዜ ጠንቋይ ነው።

በቆጵሮስ ደሴት ሐዋርያውን የተቃወመው ሰውዬም በግሪኩ ማጎስ ነው። ያው ስም። የእኛ ተርጓሚዎች ግን ስጦታ ይዘው የመጡትን ሰብአ ሰገል፣ የተቃወመውን ጠንቋይ አሏቸው። ስሙን የመረጠላቸው ሥራቸው ነው። አንተ ለአባታችን ስም ስትመርጥ የትኛውን ሥራውን አይተህ ነው? ልጅህ በረት ፊት በእሱ ልብስ ትሰግዳለች፤ አንተ ያንኑ ልብስ የለበሰውን ሰው ከሰይጣን ጋር ታዋውላለህ።

የጃለኔ ልጅ ያለውን ሰምተህ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደ ሰማህ ጻፍልኝ። «ደኅና ነው» መልስ አይደለም።

ኦላና


ያዮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ ኦላና፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የዘገየሁት በመንገድ አይደለም።

አዎ፣ ሰምቼዋለሁ። መጽሐፉ በተመረቀበት እሑድ የጃለኔ ልጅ ከመካከል ተነሥቶ «እኔም ዛሬ ተፈታሁ!» ብሎ ጮኸ። ጉባኤው አጨበጨበ፤ እኔም «ሃሌ ሉያ» አልኩ። ከመጠጥ መስሎኝ ነበር። ከዓመት በላይ ስጸልይለት የነበረው ስለ መጠጡ ነዋ! አቅፌውም ሳምኩት። ጆሮዬ ላይ «አባቴን እንግዲህ ማንም አይከለክለኝም» አለኝ። የሰማዩን አባት የሚል መሰለኝ።

ስለ ፋርስ ካህናት የጻፉልኝን አንብቤአለሁ። ጥሩ ትምህርት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ጋሼ፣ እኔ ፋርስ አልነበርኩም። ሶር ነበርኩ። እርስዎ ያን ዓመት አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበሩ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አባታችን ከወንዙ በኩል ብቻውን ሲመጣ አየሁትና እንደ ሁልጊዜው ልቀበለው ሮጥኩ። ሁለት ክንዱ እስከ ክርኑ ደም ነበር፤ ደርቆ ጠቁሯል። ውኃ አጠገቡ ነበር፤ አልታጠበም። እጄን ስዘረጋ «አትንካኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያን ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናታችንም ጎትታ አስገባችኝ። ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከዚያ ወዲያ ሲባርከኝ እጁን ራሴ ላይ ባሳረፈ ቁጥር እሸማቀቅ ነበር።

በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ የጻፍኩት ይህን ነው። ውሸት ነው ይሉኛል? የእርስዎ ምንጭ መጽሐፍ ነው። የእኔ ምንጭ ዓይኔ ነው።

ኦሊ


መቱ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ኦሊ፣

አልነበሩም ያልከኝ ልክ ነው። ስለዚህ ለነበረው ሰው አነበብኩለት። ደብዳቤህን ለቀኖ በኦሮምኛ ተረጎምኩለት፤ አዳምጦኝ ሲያበቃ «ያ እየሮጠ የመጣው ልጅ ፓስተሩ ነው እንዴ?» አለኝ። ከወንዙ ማዶ ሆኖ አይቶህ ነበር።

ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

«በጉን ያረደው ደቅሲሳ ራሱ ነው። የእኔን እጅና የሟቹን ወንድም እጅ ያዘና ሁለቱን አንድ ላይ ደሙ ውስጥ ነከረ። የእሱም እጅ ከእኛ እጅ ጋር ገባ። ከዚያ እኛን በሶር ውኃ አጠበን። ‹እናንተ ታጥባችሁ ሂዱ። ደሙን እኔ ተቀብያችኋለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አልታጠብም፤ ሰውም አይነካኝም። ከእንግዲህ ይህን ደም የሚፈልግ እኔ ዘንድ መጥቶ ይፈልግ› አለን። እኔ ሰው ገድዬ ንጹሕ እጄን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እሱ ማንንም ሳይገድል ደሙን ይዞ ቤቱ ገባ።»

ዓይንህ አልዋሸም፤ ደም አይተሃል። ማንም አልነገረህም፤ ያ የአንተ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን አዋቂ ሆነህ፣ እናታችን አንድ ጣሪያ ሥር ከአንተ ጋር እየኖረች፣ አንድ ቀን ሳትጠይቃት አሳተምከው። እኔ አንተን የምከስህ በዚህ ነው።

ቀኖ ዛሬም መንገዱን ያያል። ቡናው ዛፍ ላይ ደርቆ መርገፍ ጀምሯል ብለው ላኩበት። «ይርገፍ» አለ። ዕፀገነት «አባባ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ብርድ ነው» ስትለው «ልጄ፣ የምፈራው ብርድ ቢሆን ኖሮ እናንተን አላስቸግርም ነበር» አላት።

ምን ልትጽፍ አስበሃል?

ኦላና


ያዮ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

የመጨረሻውን ደብዳቤዎን ብቻዬን ማንበብ አልቻልኩም። ለእናታችን አነበብኩላት። እሷ ደግሞ «ከመጀመሪያው» አለችኝ። የእርስዎን ሁሉ፣ የእኔንም ያስታወስኩትን ያህል ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ሁለታችሁም የደቅሲሳ ልጆች ናችሁ ይባላል። አንዱ ከፋርስ ይሟገታል፣ አንዱ ከመድረክ። የቀኖ ቡና ግን እየረገፈ ነው» አለች።

ስለ ደሙ ጠየቅኳት። ቀኖ ያለውን ሁሉ «አዎ» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አልጠየቅከኝማ! አትንካኝ ያለህ ደሙ እንዳይተላለፍብህ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ሲታጠብ መጀመሪያ የጠራው አንተን ነበር፤ አንተ አልጋ ሥር ገብተህ አልወጣም አልክ» አለችኝ። ይህን እኔ አላስታውሰውም።

ከዚያ ተነሥታ ከአሜን ላይ ቡሉኮውን አወለቀች፤ ልምምድ ላይ ነበሩ። «የጠንቋይ ልብስ ከሆነ ለጌታ ፊት አይሆንም። ካልሆነም አባትሽ ይህን በአፉ ይናገርና ትለብሺዋለሽ» ብላ አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። አሜን አለቀሰች። እኔን አላናግር ብላኛለች።

ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ላርም ብዬ ነገርኳቸው። «ምስክርነት አይታረምም፤ ዛሬ ይህን ካረምክ ነገ የቀረውን ማን ያምናል?» አሉኝ። አንዱ «ወንድምህ ወደ አባትህ የአምልኮ ቤት፣ ወደ ገልማው እየመለሰህ ነው» አለኝ። ጋሼ፣ አገልግሎቴ የቆመው በዚህ ምስክርነት ላይ ነው። ያን ባነሣው ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም። ከጥምቀት በኋላ ተገናኝተን ረጋ ብለን ብንነጋገር ምን ይመስልዎታል?

ስለ ጃለኔ ልጅ የጠየቁኝን ሳልደብቅ ልመልስ። ሁለት እሑድ አልመጣም። የቀኖን ቡና አልነካም። ድንበሩ ላይ ግን ቁጥቋጦውን መንጥሮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። እናቱ ጃለኔ ምግብ ስትወስድለት መልሷታል። ምን እንደሚጠብቅ አልጠየቅኩትም። እባክዎ ቀኖን አይላኩት።

ኦሊ


መቱ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ወንድሜ ኦሊ፣

ሰላም ላንተ፣ ለባለቤትህ፣ ለእናታችን። ለአሜን ደግሞ ለብቻዋ።

አይላኩት ብለሃል። ማንም አልላከውም። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ቀኖ ከበረንዳው ተነሣና ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። ለመንኩት። ዕፀገነትም በሩ ላይ ቆመች። «ኦላናኮ፣ የእኔ ኦላና፣» አለኝ፣ «የደቅሲሳ እርቅ ተፈትቶ እንደሆነ በረንዳህ አያድነኝም። ካልተፈታም እዚያ የሚነካኝ የለም። አርጅቼ ደግሞ ሁለት ቦታ መፍራት አልችልም።» ሚኒባሱ ድረስ ሸኘሁት። አሁን በጎሬ መንገድ ባለ ዘመዱ ቤት ብርዝ ያስበጠብጣል። እሑድ ታኅሣሥ 28 ጠዋት፣ በገና ዋዜማ፣ እንደ ቀድሞው ቅሉን ይዞ ድንበሩ ላይ ይቆማል። ይህን ለጃለኔ ልኮላታል።

ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ የሚባል ነገር የለም።

ኦሊ፣ አሁን የምጽፈው ከብዶኛል፤ ሆኖም አስቤበታለሁ። ስለ ስያሜው ያልኩህን ሁሉ ተወው። ሰብአ ሰገሉን፣ ፋርሱን፣ ግሪኩን ተወው። ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ ካልኩት አንድም ቃል አላጥፍም። ነገር ግን ጠንቋይ ማለት ካለብህ በለው። እምነትህ የሚያስገድድህ ከሆነ ሰይጣንም ጨምር። መምህራን ክፍል ውስጥ ይሳቁብኝ፤ እችለዋለሁ። እሱም ከዚህ የከፋ ተሸክሞ ቤቱ የገባ ሰው ነበር። የምጠይቅህ ሦስተኛውና አራተኛው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እጁ ላይ ያየኸው ደም የማን እንደ ነበር ጻፍ። በእጁ የታሰረው እርቅ እንዳልተፈታ ጻፍ። ሽማግሌዎችህ «ምስክርነት አይታረምም» ካሉህ፣ ምስክር ያላየውን ሲሰማ ይጨምራል በላቸው። አንተ የታጠበበትን አላየህም፤ አልጋ ሥር ነበርክ።

የሚበቃው ይህ ነው፤ አንተ በራስህ ቋንቋ አሳምረው፦

«እኔ ኦሊ ደቅሲሳ በልጅነቴ በአባቴ ክንድ ላይ ያየሁት ደም የእርቅ በግ ደም ነበር። አባቴ በቀኖና በጃለኔ ቤት መካከል ያወረደው እርቅ የጸና ነው። ተፈቷል ብዬ ስጽፍ ይህን እርቅ ማለቴ አልነበረም፤ እንዲህ የተረዳኝ ካለ የሳትኩት እኔ ነኝ።»

አንዱን ቅጂ በራስህ እጅ፣ በሌላ ሰው ሳይሆን በራስህ እጅ፣ ድንበሩ ድረስ ሄደህ ለጃለኔ ልጅ ስጠው። ያቀፍከው አንተ ነህ፤ በጆሮ የነገረውም ላንተ ነው። ሌላውን ለእኔ ላክ።

መልስህ ቢመጣም ባይመጣም እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በሚነሣው ሚኒባስ ያዮ እገባለሁ። አባታችን «ደሙን የሚፈልግ እኔ ዘንድ ይፈልግ» ብሎ ነበር። እሱ የለም፤ የበኩር ልጁ አለ። እሑድ ጠዋት ከቀኖ አጠገብ እቆማለሁ። የአባታችንን ቡሉኮ እንድታውሰኝ ለእናታችን ንገራት። ከዚያ በኋላ ለአሜን ይመለስላታል፤ ድራማው ማታ ነው፣ ይደርስላታል። እኔ ድንበሩ ላይ ለብሼው የምቆመው የአንተን ፊርማ ይዤ ይሁን ወይስ ባዶ እጄን፣ ይህን የምትወስነው አንተ ነህ።

መልስህን በጽሑፍ፣ ስምህንና ፊርማህን አኑረህበት፣ እስከ ቅዳሜ ታኅሣሥ 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በሾፌሩ እጅ እጠብቃለሁ።

ወንድምህ
ኦላና ደቅሲሳ